«ሲያድግ ይስተካከላል» የማይሠራበት ችግር

የልጅ ጥርስ ሲወላገድ ወይም አገጩ ወደ ፊት ገፍቶ ሲታይ በየቤቱ የሚሰማው መልስ «ሲያድግ ይስተካከላል» የሚል ነው። አባባሉ ለአንዳንዱ ችግር እውነት ነው። ለመንጋጋ አጥንት ዕድገት ችግር ግን ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ልጁ ባደገ ቁጥር ችግሩም አብሮት ሊያድግ ይችላል።

በቅድሚያ ሁለቱን እንለይ። መንጋጋው ደህና ሆኖ ጥርሶቹ ብቻ ከተጣመሙ በ12 ዓመትም ሆነ በ30 ዓመት በብሬስ ማስተካከል ይቻላል። የላይኛው መንጋጋ ሲጠብ ወይም የታችኛው ቀድሞ ሲያድግ ግን ጉዳዩ የአጥንት ነው፤ አጥንት ደግሞ በቀላሉ የሚታረመው በማደግ ላይ እያለ ነው።

የላይኛው መንጋጋ ግራና ቀኝ አጥንቶች ላንቃ መሐል ላይ ይገናኛሉ። በልጅነት መገጣጠሚያው ስላልጠነከረ፣ ላንቃ ላይ በሚገጠም ማስፊያ መሣሪያ በወራት ውስጥ ማስፋት ይቻላል። ከጉርምስና በኋላ ግን ያው ሥራ ቀዶ ሕክምና ሊጠይቅ ይችላል። ወደ ኋላ የቀረ የላይኛው መንጋጋን ወደ ፊት የሚስበው ፊት ላይ የሚታሰር መሣሪያም የተሻለ ውጤት የሚሰጠው ከ10 ዓመት ዕድሜ በፊት ነው።

የአሜሪካ ኦርቶዶንቲስቶች ማኅበር ማንኛውም ልጅ እስከ 7 ዓመቱ ድረስ አንድ ጊዜ እንዲመረመር ይመክራል። ይህ ዕድሜ ለእኛም ይመቻል፤ አንደኛ ክፍል የሚገባበት ነውና። በእኔ እምነት ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ እንደ ዐይኑና እንደ ጆሮው ሁሉ የጥርሱ አገጣጠምም ሊታይ ይገባል። እኛ ጠቅላላ ሐኪሞችም «አፍህን ክፈት» ብለን ጉሮሮ ካየን በኋላ «እስኪ ጥርስህን ግጠም» ብንል አንድ ደቂቃ አይፈጅብንም።

እስከዚያው እርስዎ ቤትዎ ውስጥ ይመልከቱ። ልጅዎ ጥርሱን ሲገጥም አገጩ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል? የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ከታችኞቹ በስተውስጥ ይገጥማሉ? ከ4 ዓመቱ በኋላም ጣቱን ይጠባል? ሲተኛ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል ወይም ያንኮራፋል? ከእነዚህ አንዱን ካዩ ወደ ጥርስ ሐኪም ይውሰዱት። የወተት ጥርስንም «ይወድቃል» ብለው አይናቁት፤ ያለጊዜው ከተነቀለ ለቋሚው ጥርስ የተያዘው ቦታ ሊጠብ ይችላል። በሕፃናት ላይ የሚፈጸመው ግግ ማውጣትም ድድ ውስጥ ያለውን የቋሚ ጥርስ ፍሬ ሊጎዳ ይችላል።

ሕክምናው ርካሽ እንዳልሆነ፣ ባለሙያዎቹም በብዛት አዲስ አበባ እንደሚገኙ አውቃለሁ። ስለዚህ ሁሉም ልጅ መሣሪያ ይገጠምለት አልልም። ለምሳሌ ከ7 እስከ 9 ዓመት ባለው ጊዜ በፊት ጥርሶች መካከል የሚታይ ትንሽ ክፍተት ብዙውን ጊዜ ክራንቻዎቹ ሲበቅሉ በራሱ ይዘጋል። ምርመራው የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው፤ መጠበቅ የሚችለውን ከማይችለው ለይቶ፣ ዛሬ በቀላሉ የሚታረመው ነገ ቀዶ ሕክምና እንዳይሻ ለማድረግ።