የአልዲ ከረጢት ለምን ይደበቃል?

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ አልዲ የሚገበያይ ሐበሻ ሞልቷል። አልዲ እገበያያለሁ ብሎ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። የገዛውን ቤቱ ሳያደርስ መኪና ውስጥ ወደ ሌላ ሱቅ ከረጢት የሚገለብጥም አለ። በር ላይ ከአገሩ ልጅ ጋር ከተገጣጠመ «ለውሃ ብዬ ነው የገባሁት» ይላል፤ ጋሪው ላይ አምስት ደርዘን እንቁላል ተደርድሮ።

ነገሩ የሚጀምረው ምናልባት ከቃሉ ነው። በአማርኛ ዕቃ ረከሰ ሲባል ዋጋው ወረደ ማለት ነው። ሰው ረከሰ ሲባል ግን ነውር ገባው፣ ቆሸሸ ማለት ነው። «ርካሽ» እና «ርኩስ» ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። ስለዚህ «ርካሽ ሱቅ» ሲባል ጆሮ የሚሰማው ዋጋውን ብቻ አይደለም። የሚገርመው፣ አገር ቤት መርካቶ ወርዶ፣ ተከራክሮ በርካሽ የገዛ ሰው ጎበዝ ይባላል። ያው ሰው አሜሪካ ገብቶ ሳይከራከር በርካሽ ሲያገኝ ያፍራል።

ዕቃው ርካሽ የሆነው ስለማይረባ ነው የሚሉ አሉ። ሱቁ ውስጥ ዘወር ዘወር ብሎ ያየ ሰው ግን ምክንያቱን ያገኘዋል። በጀርመኗ ኤሰን ከተማ የእናታቸውን ሱቅ የተረከቡት ወንድማማቾች፣ ካርልና ቴዎ አልብሬክት፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተከተሉት መንገድ ቀላል ነበር፦ ለዕቃው ካልሆነ ገንዘብ አይውጣ። አንድ ትልቅ የአሜሪካ ሱፐርማርኬት 30,000 ገደማ ዓይነት ዕቃ ሲደረድር አልዲ 2,000 ገደማ ይበቃዋል። ዕቃው ከመጣበት ካርቶን ሳይወጣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ጋሪ ለመውሰድ ኳርተር ይከተታል፣ ጋሪው ሲመለስ ሳንቲሙ ይመለሳል፤ ፓርኪንጉን እየዞረ ጋሪ የሚሰበስብ ሠራተኛ አያስፈልግም። ከረጢት ውስጥ የሚከትትልህም የለም፣ ራስህ ትከታለህ። አብዛኛው ዕቃ ደግሞ በሱቁ በራሱ ስም የተዘጋጀ ስለሆነ የታወቀ ብራንድ የሚጠይቀው የማስታወቂያ ወጪ አይጫንበትም።

አሁን ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ወንድማማቾቹ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ድርጅቱን ሰሜንና ደቡብ ብለው ተካፈሉት። አሜሪካ ውስጥ አልዲ ተብሎ የሚታወቀው የደቡቡ ነው። የሰሜኑ ቴዎ ደግሞ በ1979 ትሬደር ጆስን ገዛ። ትሬደር ጆስም ጥቂት ዓይነት ዕቃ፣ አብዛኛውን በራሱ ስም፣ ነው የሚሸጠው። የእሱን የሸራ ከረጢት ግን ሰው በኩራት ትከሻው ላይ ያንጠለጥለዋል፤ በ2024 ትንሿ የ2.99 ዶላር ከረጢት ኢንተርኔት ላይ በብዙ እጥፍ ትቸበቸብ ነበር። የአንዱ ወንድም ከረጢት ይደበቃል፣ የሌላው ይታያል።

አልዲ እንከን የለውም ማለት አይደለም። በርበሬና ጤፍ አይገኝበትም፤ ለዚያ ሐበሻ ሱቅ መሄድ ግድ ነው። መሀል ላይ ያለው መደርደሪያም ወጥመድ ነው፤ ለወተት የገባ ሰው ድንኳን ገዝቶ ይወጣል።

ዝምታው አብልጦ የሚጎዳው ግን አዲስ መጪውን ነው። በዲቪ የመጣውን ልጅ ዘመዶቹ ለክብሩም ለክብራቸውም ሲሉ ውዱ ሱቅ ይወስዱታል። ራሳቸው የት እንደሚገዙ አይነግሩትም። ልጁም አሜሪካ ማለት ይኸው ነው ብሎ፣ ከቤት ኪራይ የተረፈችውን ደሞዝ እዚያ ያፈሳታል። አገር ቤት እናቱ «ልጄ ረሳኝ» ትላለች። አልረሳትም፤ የሚልከው አጥቶ ነው። ከስድስት ወር በኋላ የሥራ ባልደረባው፣ ያውም ሐበሻ ያልሆነ፣ አልዲን ያሳየዋል። ገብቶ ቀና ሲል የተቀበለው አጎቱ ጋሪ እየገፋ ነው።

በበዓል ቀን እዚያው አጎቱ ቤት ዶሮ ወጥ ይቀርባል። ሽንኩርቱ የአልዲ፣ እንቁላሉ የአልዲ፣ በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረው ቅቤም የአልዲ ነው። አንዱ እንግዳ ጣቱን እየላሰ «እንዴ፣ ይሄ ቅቤ ከአገር ቤት ነው የመጣው?» ይላል። የቤቱ እመቤት ወደ ባሏ ገልመጥ አድርጋ ትልቅ ጉርሻ ትጠቀልላለች። «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!»