ነጻ ጉልበታችን የማንን እንጀራ ይዘጋል?

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ የዛሬ ተማሪ ግን ያላየውንም አገር ይናፍቃል። አብዝቶ የሚናፍቀውም ነጭ አሸዋና የኮኮናት ዛፍ ያለበትን ሞቃት ደሴት ነው። ገንዘብ የሌለው ተማሪ እዚያ የሚደርስበት መንገድ አለ። በደሴቲቱ ላይ ካሉት የጽሞና ማረፊያ ቤቶች ወደ አንዱ ይጽፋል፤ በቀን አራት ወይም አምስት ሰዓት በበጎ ፈቃድ ሊሠራ ይስማማል፤ በልዋጩ አልጋና ምግብ ያገኛል፤ ከሥራ በኋላ ያለው ጊዜ የራሱ ነው። እኛም ባለፈው ረጅም ዕረፍት የሥራ ፈቃዱን አስቀድመን አውጥተን አራት ሆነን ወደ ዛንዚባር ሄደን ነበር። በዚሁ መንገድ ለመሄድ የሚያስቡ ጓደኞቻችን ስለ በዙ፣ ያየነውንና ያሰብነውን በዚህ ጋዜጣ ልንገልጽላቸው ወደድን።

የማረፊያው ሥራ ከባድ አልነበረም። እንግዶቹ ከከተማ ጫጫታ ሸሽተው ጥቂት ቀን ዝም ለማለት ብዙ ገንዘብ የከፈሉ ሰዎች ናቸው፤ በመካከላችን «የፈረንጅ ሱባዔ» እንለው ነበር። ከንጋት ጀምረን ግቢ እንጠርጋለን፣ አልጋ እናነጥፋለን፣ ሳህን እናጥባለን። እኩለ ቀን ላይ ሥራው ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ አንዱ ከአጥሩ ውስጥ ቀርቶ በጥላ ሥር መተኛት፣ ሁለተኛው በበሩ ወጥቶ መሄድ ነው። ብዙ በጎ ፈቃደኞች የመጀመሪያውን ይመርጣሉ፤ አገራቸው ሲመለሱም ስለ ደሴቲቱ የሚያወሩት የግቢውን ወሬ ነው።

በምሥራቁ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ በኩል፣ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ውኃው እስከ ሩቅ ሲጎድል የባሕሩ ወለል እንደ ታረሰ ማሳ ይገለጣል፤ በላዩም በመደዳ የተተከሉ ችካሎችና በመካከላቸው የተወጠሩ ገመዶች ይታያሉ። እንግዶቹ ከሩቅ ሆነው ፎቶግራፍ ያነሡታል። ቀርቦ ለጠየቀ ግን ነገሩ እርሻ ነው፤ በገመዱ ላይ የሚበቅለውም የባሕር አረም ነው። ይህ እርሻ በዚህ ዳርቻ ለንግድ የተጀመረው በ1989 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከሠራተኞቹ እጅግ የሚበዙት ሴቶች ናቸው። አረሙ ተለቅሞ በፀሐይ ይደርቅና ወደ ውጭ አገር ይላካል፤ ከእርሱ የሚወጣው ካራጊናን የሚባል ማወፈሪያ በጥርስ ሳሙናና በአይስክሬም ውስጥ ይገባል። ፎቶግራፍ አንሺው ጧት ጥርሱን ያጠበበት ሳሙና በእነዚሁ ሴቶች እጅ ያለፈ ሊሆን ይችላል። ከአረሙ ዓይነቶች የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው ኮቶኒ የሚባለው ነው፤ እርሱም ባሕሩ እየሞቀ ስለ ሄደ በዳርቻው ውኃ ውስጥ እየሞተ አስቸግሯል። ወደ ጥልቁ ወስደው እንዳይተክሉት ከሴቶቹ ብዙዎቹ ዋና አያውቁም። ይህን ሁሉ የተማርነው ከሥራ በኋላ ነው፤ በግቢው ውስጥ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል የተናገረን ሰው አልነበረም።

በሌላ ቀን ደግሞ በዳላዳላ ተሳፍረን ስቶን ታውን ወደሚባለው አሮጌ ከተማ ወረድን። ቀድሞ የባሪያ ገበያ በነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ የአንግሊካን ካቴድራል ቆሟል። ገበያው የተዘጋው በ1873 እ.ኤ.አ. ሱልጣን ባርጋሽ በእንግሊዞች ግፊት ውል በፈረመ ጊዜ ነው። የዚሁ ሱልጣን እናት ሐበሻ ነበረች፤ ወደ አባቱ ቤት የገባችውም በቁባትነት ነው። እንግዲህ ከአገራችን ወደዚህች ደሴት የደረስነው የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። ከእኛ በፊት ተሽጠው የመጡት በፈቃዳቸው አልመጡም፤ ለጉልበታቸውም ዋጋ የከፈላቸው የለም። በቋንቋችን «ነጻ» ማለት ባሪያ ያልሆነ ማለት ነው፤ ደግሞም ዋጋ የማይከፈልበት ማለት ነው። የዕረፍት ጊዜ ሥራችንን ከዚያ መከራ ጋር አናወዳድርም፤ ድፍረት ይሆናል። ነገር ግን በዚያ ቦታ ላይ የቆመ ሰው በነጻ የሚሰጥ ጉልበት ማንን እንደሚጠቅምና ማንን እንደሚጎዳ ሳይጠይቅ ሊመለስ አይገባውም።

መልሱን ያገኘነው በመንደሩ ውስጥ አረም ሲያሰጡ ካገኘናቸው አንዲት እናት ነው። በደሴቲቱ ታናሽ ታላቁን «ሺካሞ» ብሎ ሰላምታ ይሰጣል፤ ታላቁም «ማራሃባ» ብሎ ይቀበላል። ከመካከላችን አንዷ ስዋሂሊ ትሞክር ስለ ነበር በዚህ ጨዋታ ተጀመረ። እናትየዋም ማረፊያው ስንት እንደሚከፍለን ጠየቁን። ገንዘብ እንደማይከፍለን፣ አልጋና ምግብ ብቻ እንደሚሰጠን ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው፦ «የልጄ ልጅም እንግዳ ቤት መሥራት ታውቃለች። እሷ ግን ምግብ ብቻ አይበቃትም፤ ወንድሞቿን ታስተምራለች» አሉን። ሌላ አልጨመሩም። በማግሥቱ የቤቱን ኃላፊ ስለ መንደሩ ልጆች ብንጠይቀው፣ ለመቅጠር በጀት የለንም አለን። እንግዶቹ ለአንድ ሌሊት የሚከፍሉትን ግን በየቀኑ እናይ ነበር። ዝምታን በውድ ዋጋ የሚሸጥ ቤት ለመጥረጊያው ደመወዝ አጣሁ ቢል ማን ያምነዋል?

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ሲሰሙ እንዲህ ይላሉ፦ «የአፍሪቃ ተማሪ በራሱ ገንዘብ አፍሪቃን ሊያይ አይችልም፤ ስለ ፓሪስ ብዙ ያነበበ ስለ ዛንዚባር ምንም አያውቅም፤ ይህ በር ከተዘጋበት በምን ሊወጣ ነው?» ክርክሩ እውነት አለበት። እኛም ያለዚህ መንገድ ደሴቲቱን ባላየናት ነበር። ደግሞም ጉብኝት ሁሉ አገሬውን ይጎዳል አንልም። ከስቶን ታውን በስተደቡብ ያለችው ትንሿ የቹምቤ ደሴት የኮራል ሪፏ በ1994 እ.ኤ.አ. ጥብቅ ክልል ሲሆን፣ ጠባቂ ሆነው የሠለጠኑት የአካባቢው አሣ አጥማጆች ናቸው። እንግዳ ይመጣል፤ ደመወዙን ግን አገሬው ይበላል። ስለዚህ የምንቃወመው መሄድን አይደለም። የምንቃወመው የተማረ ወጣት የመንደሩ ልጅ በደመወዝ የምትሠራውን ሥራ በአልጋ ለውጦ እንዲወስድባት መደረጉን ነው። ቋንቋ ማስተማር፣ ሒሳብ አያያዝ ማሳየት፣ በመንደሩ የሌለ ሙያ ማካፈል አንድ ነገር ነው፤ ጠርጎ ማደር ሌላ ነው።

ስለ ሆነም የተማሪዎች ማኅበራችን ወደ እንዲህ ያለ ቦታ ለሚሄድ ተማሪ ሁሉ ሦስት ጥያቄ አስቀድሞ እንዲያቀርብ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የምትሠራው ሥራ ከአንተ በፊት በደመወዝ የሚሠራው ሰው ነበረን? ሁለተኛ፣ ከሄድክ በኋላ በመንደሩ የሚቀር ነገር አለን? ሦስተኛ፣ የአገሩ ሕግ ይፈቅድልሃልን? በታንዛንያ የጎብኚ ቪዛ ብቻ የያዘ የውጭ አገር ሰው ያለ ፈቃድ በበጎ ፈቃድም ቢሆን ሊሠራ አይችልም። ማረፊያ ቤቱ ለእነዚህ ጥያቄዎች ቀና መልስ ካልሰጠ ማኅበሩ ስሙን ለተማሪ አያቀብል።

ለሚሄዱት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም የምንለው አለን። ሥራው ባለቀ ጊዜ ከግቢው ውጡ። ሰላምታውን ቀድማችሁ ተማሩ፤ በሆቴል መኪና ፈንታ በዳላዳላ ሂዱ፤ መንገድ የሚመራችሁን የመንደር ልጅ ዋጋውን ክፈሉ፤ ውኃና ፍራፍሬ ከመንደሩ ሱቅ ግዙ። ባሕሩ ሲጎድል ከካሜራው በፊት ጥያቄ ይቅደም።

ይህ ነገር የዛንዚባር ብቻ አይደለም። በጣና ደሴቶችና በዘጌ፣ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳርም ጸጥታ የሚፈልግ እንግዳ ይመጣል፤ እንግዳ ባለበትም የሚጠርግ እጅ ይፈለጋል። ያ እጅ የአገሬው ልጅ እጅ እንዲሆን፣ ዋጋውም እንዲከፈለው በሰው አገር የምንጠይቀውን በአገራችንም መጠየቅ አለብን።