አውራ አጋዘን መቼ ይታደን? በታኅሣሥ ሐሩር ወይስ በሰኔ ዝናብ

ያለ ፈቃድ ማደን በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የተከለከለ ነው፤ አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። የዛሬዎቹ ተሟጋቾች የሚነጋገሩት ስለ ነገ ነው። በባሌና በአርሲ ለደጋ አጋዘን እንደሚደረገው፣ ከፓርኩ ውጭ ባለው የምዕራብ ጎንደር ቆላም በኮታ የተወሰነ ሕጋዊ አደን አንድ ቀን ቢጀመር ወቅቱ መቼ ይሁን? የመጀመሪያው ጸሐፊ የሸኸዲ ሰው ናቸው፤ የቆላውን ጫካ በእግራቸው ያውቁታል። ሁለተኛዋ የዱር እንስሳት ባለሙያ ናት።

በበጋ ይሁን

ከአዳኝ አገር ጫቆ ወረዳ እስከ ቋራ ድረስ የአደንን ወቅት የሚቆርጠው ሣር ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ ሰው የሚውጥ ሣር ያበቅላል። በዚያ ውስጥ አጋዘን አሥር እርምጃ ላይ ቆሞ አይታይም፤ ቢታይም ጆሮው እንጂ ቀንዱ አይታይም። ኅዳር ሲገባ ሣሩ ይደርቃል፣ ይቃጠላል፤ ሽመሉ ቅጠሉን ያራግፋል፤ የዕጣኑ ዛፍ እርቃኑን ይቆማል። ያን ጊዜ አዳኙ የሚተኩስበትን ያውቃል። ወንድ ይሁን ሴት፣ ቀንዱ ሁለት ዙር ተኩል ሞልቶ ይሁን ገና የሚጠመዘዝ ጎረምሳ፣ ሁሉንም ለይቶ ነው ቃታ የሚስበው። ሕግ የሚጠይቀውም ይህንኑ ይመስለኛል።

ይህ የእኔ ብቻ ግኝት አይደለም። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 ወደ አትባራ ወንዝ ሲመጣ የክረምቱን ወራት ሶፊ በሚባል መንደር ተቀምጦ አሳልፏል። በዝናቡ ወራት የሚነሣው ነዳፊ ዝንብ ግመሉንም ቀጭኔውንም ከወንዞቹ ዳር ነቅሎ ወደ ደረቁ ሰሜን እንደሚነዳው የጻፈው እሱ ነው። አደኑ የሞቀለት ሣሩ ከተቃጠለ በኋላ ነው፤ በሰይፍ ዝሆን ከሚጥሉት የሐምራን ዐረቦች ጋር የወጣውም ያኔ ነው። የእኛ ጓንግ ወንዝ የአትባራ ራስ መሆኑን ለማያውቅ አንባቢ ልንገረው፤ አገሩ አንድ ነው፣ ዝንቡም አንድ ነው።

አሁን ወደ ስሪያው ልግባ። አጋዘን ስምንት ወር ያህል ታረግዛለች። ግልገሏን የምትደብቀው በረጅም ሣር ውስጥ ስለሆነ ነሐሴና መስከረም መውለድ ይበጃታል። ከነሐሴ ስምንት ወር ወደ ኋላ ሲቆጠር ታኅሣሥ ላይ ይደርሳል፣ ከመስከረም ሲቆጠር ጥር ላይ። አብዛኛውን ዓመት ከወንዶች ጋር ወይም ብቻውን የሚኖረው አውራ ወደ ሴቶቹ የሚጠጋው በዚህ ወራት ነው። ሌላ ጊዜ የኮሽታ ጥላ የሚሸሽ እንስሳ በስሪያ ወራት ገላጣ ላይ ይወጣል፣ ቁጥቋጦ በቀንዱ ይወጋል፣ አንገቱን ዘርግቶ ሴቲቱን ይከተላል።

«ሙቀት ሲበረታ ስሪያው ይቆማል» የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ሙቀት ስሪያውን ወደ ሌሊት ያሻግረዋል እንጂ አያጠፋውም። አውራው ጎሕ ሲቀድ ይታያል፣ ፀሐይ ሲከርር ወንዝ ዳር ጥላ ውስጥ ይተኛል፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ይነሣል። በቀትር ወጥቶ «አጋዘን የለም» የሚል ሰው ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሄደ ነው። አዳኙን የሚጎዳው ያልታሰበ ዝናብ ነው። በበጋ መካከል አንድ ሌሊት ደህና አድርጎ ከጣለ ኩሬ የጠበቀውን ሁሉ ይበትነዋል፤ የዋልካው ስንጥቅ ሁሉ ውሃ ይይዛል፤ ትናንት ሽንፋ ወንዝ ዳር የነበረው መንጋ ዛሬ የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

በጋው ሌላም ይጠቅማል። ሥጋው ለአካባቢው ሰው ይከፋፈል ከተባለ በደረቁ አየር ቶሎ ቋንጣ ይሆናል፤ በክረምት ግን ገና ሳይዘለዘል ዝንብ ይወርሰዋል። የቆሰለውን እንስሳ ደም የተከተለ ሰውም በበጋ ደሙን ያገኘዋል። ስለ ጥንቱም ካነሣን፣ ሽንፋ ወንዝ ዳር የተቆፈረው የሽንፋ-መተማ ሥፍራ ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች በድርቅ ወራት ከወንዙ በቀሩት ኩሬዎች ዙሪያ ያድኑና ያሠግሩ እንደነበር አሳይቷል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጥቷል። እዚያ የተገኙትን ትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ስለቶች አጥኚዎቹ የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም ብለዋል። መተማ በበጋ ማደንን ከእኔ አልተማረም።

በሰኔ መግቢያ ይሁን

ጋሼ፣ የሽንፋውን ጥናት ስላነሡልኝ አመሰግናለሁ፤ ከዚያው ልጀምር። ያ ጥናት ስለ ኩሬ የሚነግረን ሌላም ነገር አለ። ኩሬው እየጠበበ ሲሄድ ያለው ሁሉ በቀላሉ ይያዛል፤ ሰዎቹ ዓሣ ያበዙትም ለዚህ ነው። አጥኚዎቹ እንደሚሉት አንዱን ኩሬ ሲጨርሱ ወደሚቀጥለው ሄዱ፤ ምናልባትም ከአፍሪካ ያወጣቸው እንዲህ ከኩሬ ኩሬ መሄዱ ሊሆን ይችላል። ዛሬ የሚቀጥለው ኩሬ የት ነው? ዳሩ የሰሊጥ እርሻ ነው፣ ማዶው የከብት ማጠጫ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሱዳን ነው። ከ74,000 ዓመት በፊት ለነበረ አዳኝ የሠራ ዘዴ ለእኛ ዘመን አጋዘን መጥፊያው ነው።

ውሃ ዳር አድፍጦ መተኮስን እኔ አደን ለማለት እቸገራለሁ። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ እንስሳው ለመጠጣት ይመጣል፤ ሞት እንዳለ ቢያውቅም ይመጣል። እርግጥ አጋዘን ቅጠል በሊታ ስለሆነ እንደ ጎሽ በየቀኑ ውሃ የሙጥኝ አይልም፤ ከቅጠሉ እርጥበት ያገኛል። ግን እርስዎ ራስዎ እንዳሉት ቅጠሉ ይረግፋል። ያን ጊዜ የቀረው አረንጓዴ የወንዝ ዳር ጥሻ ብቻ ነው፤ አጋዘኑም፣ ድኩላውም፣ ከርከሮውም፣ የዕጣን ለቃሚውም፣ ከብት ጠባቂውም አንድ ቀጭን መስመር ላይ ይሰበሰባሉ። እዚያ ላይ የጥይት ፈቃድ ልንጨምርበት ነው?

ስለ ስሪያው የቆጠሩት ስምንት ወር ልክ ነው፤ ቀኑ ግን ከዓመት ዓመት አንድ ነው ብዬ አልምልም፤ ዝናቡ ሲያፈገፍግ ሣሩም ልደቱም አብሮ ይንፏቀቃል። ከእርስዎ የምለየው በተከታዩ ነው። አውራው ጥንቃቄውን የሚጥልበት ወራት እሱን ለመግደል የሚመቸው ነው፤ ለመንጋው ግን የሚከፋው ነው። አውራ አጋዘን ቀንዱ የሚሞላው ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። እስከዚያ ድረስ ከታላላቆቹ ጋር ተጋፍቶ ሴት የሚያገኘው ጥቂት ነው። ልክ ተራው ሲደርስ፣ ገና ሳያስረግዝ፣ ቀንዱ ስላማረ እንጥለዋለን። ቀንዳቸው ተቆላልፎ አብረው የሚሞቱ ሁለት አውራዎች አሉ ይባላል፤ እኛ ሦስተኛ ጠላት ሆነን መግባት የለብንም።

ስለዚህ እኔ የምለው ከግንቦት ማለቂያ እስከ ሰኔ አጋማሽ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ወርዷል። የተቃጠለው መሬት ገና ብቅ ያለ ለምለም ሣር ነው ያለበት፤ ቁርጭምጭሚት ቢደርስ ነው፤ እርስዎ የፈሩት ሰው የሚውጥ ሣር የሐምሌና የነሐሴ ነው። ውሃ በየጎድጓዳው ስላለ እንስሳው ተበትኗል፤ ማንም ኩሬ ላይ ተቀምጦ አይጠብቀውም፤ አዳኙ በእግሩ ዱካ መከተል አለበት። እርጥብ መሬት ላይ ኮቴው ትኩስ ነው፣ የረገጡት ቅጠልም አይንኮሻኮሽም። አውራዎቹ ከሴቶቹ ተለይተው ወንድ ለወንድ ናቸው። ስሪያውን ጨርሰዋል፣ ዘራቸውን ትተዋል፤ ያረጀው ከጎረምሳው አጠገብ ቆሞ በቀላሉ ይለያል። ሴት በስሕተት የመመታቷም ነገር ያኔ ይቀንሳል።

አንድ ነገር ደግሞ ከጥበቃ ጎን። በበጋ ሕጋዊ አደን ሲፈቀድ ጫካ ውስጥ የሚሰማ ተኩስ ሁሉ ሕጋዊ ይመስላል። ዛሬ በጥር የክላሽ ድምፅ ከሰማን ሕገ ወጥ መሆኑን እናውቃለን፤ ተነሥተን እንሄዳለን። ነገ ግን «ፈቃድ ያለው ይሆናል» ተብሎ ይታለፋል። አልጣሽ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያ ላይ ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተከለለው ከሱዳኑ ዲንደር ብሔራዊ ፓርክ ጋር ይዋሰናል። እዚያ አካባቢ አንበሳ መኖሩ እንኳ ለዓለም የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ይህን የሚያህል ጫካ የምናዳምጠው በጆሮ ነው፤ ጆሯችንን አይድፈኑብን።

መልስ፣ ከበጋው ወገን

ልጄ፣ ከኩሬ ዳር መድፈጥን እኔም አልደግፍም፤ ከውሃ የተወሰነ ርቀት ድረስ መተኮስ ይከልከል ካልሽ እጄን አወጣለሁ። የሰኔው ነገር ግን የወረቀት ሰኔ ነው። ዋልካውን ታውቂዋለሽ። አንድ ዶፍ ከወረደበት መኪና አይንቀሳቀስም፣ ሰውም ጫማው ላይ ሌላ ጫማ ይሠራበታል። ጠባቂው ከጭቃው ወዲህ ይቀራል፣ ተኳሹ ከጭቃው ወዲያ ነው። ከገንዳ ውሃ ከተማ ማን ሊደርስበት?

ደግሞ ሰኔ የእርሻ ወር ነው። ሰሊጥ ሊዘራ ሰው ሁሉ ወደ ማሳው ወጥቷል፣ ጠመንጃ ያለውም ከነጠመንጃው። ጸጥ ያለ ጫካ ያለሽ መስሎሻል። ወባውም አብሮ ይነሣል።

ከሁሉ የሚከፋው የቆሰለው ነው። በበጋ የተመታ አጋዘን ደሙ ድንጋይ ላይ ደርቆ ይጠብቅሻል። በሰኔ ከሰዓት በኋላ ደመናው ከምሥራቅ ከደጋው ወርዶ ሲያጓራ፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፣ ደሙም ዱካውም ታጥቦ ሄዷል። እንስሳው ጥሻ ውስጥ ሦስት ቀን ያጣጥራል፣ አዳኙም «አልመታሁትም» ብሎ ሌላ ይፈልጋል። አንድ የተፈቀደለት ሁለት ይገድላል ማለት ነው። አንቺ የምትቆጥሪለትን አውራ ዝናቡ ከኮታሽ ውጭ ይገድልብሻል።

መልስ፣ ከሰኔው ወገን

የደሙን ነገር ተቀብያለሁ፤ ከክርክርዎ ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። መፍትሔው ግን ወሩን መተው አይደለም። የሰኔ ዝናብ እርስዎ እንዳሉት አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ተኩስ ከጎሕ እስከ ረፋድ ብቻ ይፈቀድ፤ ደመና ከቋጠረ አይተኮስ። የቆሰለ እንስሳ ደግሞ ይገኝም አይገኝ እንደተገደለ ይቆጠር፤ ያ አዳኝ ፈቃዱ እዚያ ላይ ያልቃል፣ ሌላ አይፈልግም።

መንገዱ አይገባም ላሉት፣ አለመግባቱን እወደዋለሁ። ኮታው ጥቂት አውራ ብቻ ከሆነ አዳኙም ጥቂት ነው፤ ከእያንዳንዱ ጋር አንድ ጠባቂ ከአገሩ ሰው አብሮት በእግር ይሂድ፤ ጉሙዝም ይሁን አማራ፣ ጥሻውን የሚያውቅ ይሁን። ያኔ ጠባቂውም ከጭቃው ወዲያ ነው። መኪና የሚገባበት ወር ሲሆን ግን አብረውት የሚገቡት ስንት እንደሆኑ ማን ይቆጥራል? በጥርና በየካቲት ወደ ሱዳን ድንበር የሚሄደውን የጎማ ዱካ እርስዎ ከእኔ የበለጠ አይተውታል።

ስለ ሰሊጡ፣ ዘሩ የሚበረታው ሰኔ ካጋመሰ ወዲህ ነው፤ እኔ ያልኩት ወቅት ያኔ ይዘጋል። የሥጋውን ነገር እሰጥዎታለሁ፤ በሰኔ ቋንጣ አይሆንም፤ ዕለቱን በአቅራቢያው ላለው መንደር ይከፋፈል።

ጋሼ፣ ከውሃ ዳር መተኮስ ይከልከል በሚለው ተስማምተናል። ይህን ከጨመርን ግን የበጋው አደንዎ ምኑ ይቀራል? በጥር ከወንዝ ዳር ጥሻ ውጭ አጋዘን የሚያገኙበትን ቦታ ይንገሩኝና ሙግቱን እንቀጥላለን።