ደብዳቤዋ ያመጣቸው አያት

የልጆች መጽሐፍ መጨረሻው ማማር አለበት የሚሉ ብዙ ናቸው። የጠፋው ይገኛል፣ የተጣላው ይታረቃል፣ ልጁም በሰላም ይተኛል። እኔ ግን በዚህ ነገር መጨረሻውን የማታሳምረው የልጆች መጻሕፍት ደራሲ የካትሪን ፓተርሰን ወገን ነኝ።

ፓተርሰን «ታላቋ ጊሊ ሆፕኪንስ» የተሰኘውን ልብ ወለድ ያሳተመችው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ጊሊ እናቷ ጥላት ስለሄደች ከአንዱ አሳዳጊ ቤት ወደ ሌላው ስትዞር ያደገች የ11 ዓመት ልጅ ናት። ክፋቷ በስሌት ነው። ወደ አዲሱ ቤት የምትወስዳት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ መኪና ውስጥ ያኘከችውን ማስቲካ የበሩ እጀታ ሥር ትለጥፋለች፤ ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው እጁ እንዲጣበቅ። ትዋሻለች፣ ትሰርቃለች፣ ጥቁሮችን ትንቃለች። በስድቧ ምክንያት መጽሐፉ ከአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ይውጣልን የሚል አቤቱታ ደጋግሞ ቀርቦበታል።

የምትገባው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ወይዘሮ ትሮተር ከሚባሉ ግዙፍ ባልቴት ቤት ነው። እዚያ ጥላውን የሚፈራ የ7 ዓመት ልጅ አለ፤ ዓይነ ስውሩ ጥቁር ጎረቤት አቶ ራንዶልፍም ራታቸውን የሚበሉት እዚያው ነው። ጊሊ የእኚህን ሽማግሌ ገንዘብ ሰርቃ ካሊፎርኒያ ወዳለችው እናቷ ልትሄድ ስትል አውቶቡስ ጣቢያ ትያዛለች። ከዚያ ወዲያ ልጅቱን ላንሳልዎት ሲባሉ ወይዘሮ ትሮተር በጄ አላሉም።

ጊሊ ግን ቤቱን ገሃነም አስመስላ ለእናቷ ደብዳቤ ጽፋለች። ሰው መውደድ በጀመረችበት ሰዓት ደብዳቤው ሥራውን ይሠራል። የሚመጡትም አያቷ ናቸው፤ የልጅ ልጅ እንዳላቸው እንኳ አያውቁም ነበር። ሲደርሱ ከጊሊ በቀር ቤተሰቡ በሙሉ በጉንፋን ወድቋል። ወይዘሮ ትሮተር እየተንገዳገዱ መጥተው ያ ሁሉ ሰውነታቸው ጊሊ ላይ ይዘረጋል። እኔ እዚህ ጋ ሳልስቅ አላልፍም፤ ለአያትየው ግን ደብዳቤው ውስጥ ያለው ሁሉ እውነት ሆኖ ታያቸው።

ልጅቱ ለሥጋ ዘመድ ተፈርዳ ቨርጂኒያ ትሄዳለች። ብዙ አንባቢ በአያትየው ይቀየማል። እኔ አልሆነልኝም። ወንድ ልጃቸውን ቬትናም በልታባቸዋለች፣ ባላቸው ሞተዋል፣ ሴት ልጃቸው እንደወጣች ቀርታለች። ሰው የቸገራት ጊሊ ብቻ አይደለችም። ያቺ ጊሊ በፎቶግራፍ ስታመልካት የኖረች እናትም ለገና ትመጣለች፤ ያውም ወጪዋ ስለተከፈለላት። ጊሊ ስልክ አንስታ ልመለስ ብላ ስታለቅስ፣ የሚወዷት ወይዘሮ ትሮተር ናቸው እንቢ የሚሏት። ለስላሳ ልብ ያለው ደራሲ እዚህ ላይ መኪና ይልክላት ነበር።

ፓተርሰን ከአራት ልጆቿ ሁለቱን በጉዲፈቻ ነው ያሳደገችው። ለጥቂት ጊዜም ሁለት የካምቦዲያ ልጆች ቤቷ ተቀምጠው ነበር። ችግር በመጣ ቁጥር «ይሄ እንግዲህ ጊዜያዊ ነው» በሚል ስሜት ታልፈው እንደነበር፣ መጽሐፉም ከዚያ ጸጸት እንደተወለደ ተናግራለች። የወይዘሮ ትሮተር ቤት ለጊሊ ቤት የሆነላት በዚያ ስሜት ስላልያዟት ነው።

ታሪኩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ የውጭ ጉዲፈቻን በ2010 ዓ.ም. በሕግ አግዳለች። ከዚያ በፊት የሄዱት ልጆች ግን እያደጉ ነው፤ ወላጆቻቸውን ፍለጋ የሚመጡም አሉ። በአንድ ፎቶግራፍ ላይ ሙሉ እናት ገንብቶ መኖር ምን እንደሆነ ለእነሱ ማስረዳት አያስፈልግም። እዚህ ቀርተው አክስት ወይም ጎረቤት ያሳደጋቸውም አንድ ነገር ያገኙበታል። መጽሐፉ በአማርኛ ቢተረጎም ደስ ይለኛል። ስድቡ የሚያሰጋችሁ ወላጆች ቀድማችሁ አንብቡት፤ ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት ሰርቪስ ውስጥ ከዚህ የባሰ ይሰማሉ።