«ከዚያስ?» የሚል አንባቢ አላዋቂ አይደለም

ከመጀመሪያው ልናገር፤ የምወቅሳትን ታሪክ የጻፍኳት እኔው ነኝ። ግማሽ ገጽ አትሞላም። አንድ ፍጡር ደጅ ላይ ሆኖ እመቤቱን ይጠብቃል፤ ይርበዋል፤ ይበርደዋል፤ እርሷ ግን አትመጣም። ጠባቂው ውሻ መሆኑ የሚታወቀው በመጨረሻው ቃል ላይ ነው። ላሊበላ ሄጄ ባረፍኩበት ግቢ፣ ቡና እየተፈላ፣ ጮክ ብዬ አነበብኳት። ቡናውን የሚያፈሉት እናት ሲኒ እየደረደሩ፣

«እሺ፣ ከዚያስ?» አሉኝ።

«አለቀ።»

«ምኑ ተጀምሮ፣ ልጄ?»

አዲስ አበባ ተመልሼ ይህንን ለወዳጆቼ ባወራ ሳቁ። «የዘመናዊ ድርሰትን ስልት ያልለመደ ሰው እንዲያ ማለቱ አይቀርም» ብለው ሊያጽናኑኝ ሞከሩ። አልጽናናም። እናታችን ልክ ነበሩ።

ለመሆኑ የላስታ ሰው ለአጭር ታሪክ እንግዳ ነው? ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ውረዱ። ንጉሥ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናቱን አሳንጾ ሲያበቃ ቅዱስ ጊዮርጊስ ለእርሱ አንድም እንዳልታነጸለት አይቶ፣ በፈረሱ ሆኖ፣ በቁጣ መጣ፤ ንጉሡም ከሁሉ የተዋበውን ሊያንጽለት ቃል ገባ። ተራኪው ይህን ብሎ በግድግዳው ላይ የፈረሱ ኮቴ ነው የሚባለውን ምልክት ያሳያችኋል። በቃ። ለምእመኑ ይህ ልብወለድ አይደለም፤ እኔም የማነሣው አነጋገሩን ብቻ ነው። የተደበቀ ነገር የለም። ሆኖም ያን ሁሉ ዓለት ያስፈለፈለ ንጉሥ አንዱን ረስቶ ሲገኝ የተሰማውን ሐፍረት ማንም አይነግራችሁም። እኔ ይዤው ወጣሁ፤ ዛሬም አብሮኝ አለ።

«አጭር ልብወለድ የውጭ ስለሆነ ነው ያልገባቸው» የሚለውም አያስኬድም። ተአምረ ማርያም ራሱ በዐፄ ዳዊት ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ነው፤ ማን ባዕድ አለው? 78 ነፍስ የበላው በላዔ ሰብእ በእመቤታችን ስም ለተጠማ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ይድናል። መጨረሻውን የማያውቅ የለም፤ ግን ዓመት በዓመት ይሰማል። ሰሚውም «የእነዚያ የ78ቱስ ነገር?» እያለ ከራሱ ጋር ይሟገታል።

ስለዚህ «ከዚያስ?» ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የተሰጠውን ተቀብሎ የሚያሰላስል ሰው ጥያቄ ነው። ሌላው ምንም ያልተሰጠው ሰው ጥያቄ ነው። የእኔ ታሪክ ያተረፈችው ሁለተኛውን ነው። «ውሻ» የምትለውን አንዲት ቃል ደብቄ ሰውን አስጠበቅሁ፤ ቃሏ ስትወጣ የሚቀር ነገር አልነበረም። ይህ እንቆቅልሽ እንጂ ልብወለድ አይደለም። እንቆቅልሽማ ከነደንቡ አለን፤ ያልመለሰ አገር ይሰጣል።

ርዝመት አይደለም ጉዳዩ። የጓቲማላው ደራሲ አውጉስቶ ሞንቴሮሶ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው መድበል ያለችው የዳይኖሰሩ ታሪክ በስፓኝኛ 7 ቃል ብቻ ናት። ደራሲው ግን ዳይኖሰሩን አልደበቀም፤ በግልጽ አስቀምጦታል። አንባቢ እስከ ዛሬ የሚከራከረው ስለ ሌላው ሁሉ ነው።

«የጎደለውን አንባቢ ይሙላው» የምንል ጸሐፍትም እንፈር። አንባቢ የሚሞላው ደራሲው አውቆ የተወለትን እንጂ፣ ደራሲው ጨርሶ ያላሰበበትን አይደለም።

እንግዲህ አጭር ጸሐፊ ወንድሜ፣ እህቴ፤ ግማሽ ገጻችሁን ይዛችሁ ቡና ወደሚፈላበት ሂዱ። የመጨረሻውን መስመር ከሁሉ አስቀድማችሁ ንገሩ። «ውሻ ነው» በሉ። ከዚያ በኋላም «እስቲ አንብብልኝ» የሚል ከተገኘ ታሪክ አላችሁ። ካልተገኘ ግን፣ እንደኔ፣ ቡናችሁን ጠጥታችሁ ሥራችሁን እንደገና ጀምሩ።