ሁሉም ነገር ጨጓራ አይደለም

አንድ አዛውንት ምግብ አልወርድ ሲላቸው በቤትም፣ በመድኃኒት ቤትም፣ አንዳንዴም በክሊኒክ የሚሰጣቸው መልስ አንድ ነው፤ «ጨጓራ ነው።» ጨጓራ ካልሆነ ደግሞ «ዕድሜ ነው።» ኦሜፕራዞል ይታዘዛል፣ በርበሬ ይከለከላል፣ አጥሚት ይቀርባል፤ ነገሩ በዚያው ይዘጋል። ይህ ልማድ ሰው ይጎዳል።

አንዳንዴ ምክንያቱ ያለው አንገት ላይ ነው። ጉሮሮና የምግብ ቧንቧ የሚወርዱት የአንገትን አከርካሪ ተደግፈው ነው። በአንዳንድ ሰዎች ላይ ከአከርካሪው ፊት የተዘረጋው ጅማት ቀስ በቀስ ወደ አጥንት ይለወጣል፤ በራጅ ሲታይ ጧፍ ቀልጦ የፈሰሰ ይመስላል። ፎረስቲየርና ሮቴስ-ኬሮል የተባሉ ሐኪሞች ሕመሙን እ.ኤ.አ. በ1950 ስለገለጹት በፎረስቲየር ስም ይታወቃል። በብዛት የሚያጠቃው ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶችን ሲሆን፣ ስኳር ያለባቸውና ክብደታቸው የጨመረ ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ። ትርፉ አጥንት ወደ ፊት ሲያድግ ጉሮሮን ከኋላ ይገፋል። የትንፋሽ ቧንቧው ክዳን በሚገባ እንዳይታጠፍ ካደረገ ደግሞ በየጉርሻው ትን ማለት ይመጣል።

ገበታ ላይ ልብ ብሎ ያየ ይጠረጥረዋል። መጀመሪያ የሚቀረው ቆሎና ደረቅ ዳቦ ነው፤ ቀጥሎ ሥጋው፤ ውኃ ግን ለጊዜው ይወርዳል። አዛውንቱ ጉርሻቸውን ያሳንሳሉ፣ አገጫቸውን ወደ ደረት ሰበር አድርገው ይውጣሉ፣ ቀና ብለው ክኒን መዋጥ ያስጨንቃቸዋል። ሌላው ሳይጨርስ «ጠግቤአለሁ» ብለው እጃቸውን ይሰበስባሉ። ቤተሰቡ ይህን የምግብ ፍላጎት መቀነስ ይለዋል። ረሃባቸው ግን አልቀነሰም።

የሚያሳዝነው ምርመራ የተደረገላቸውም አንዳንዴ አለመዳናቸው ነው። በአፍ የሚገባው የካሜራ ቱቦ (ኢንዶስኮፒ) የሚያየው ከውስጥ ሲሆን አጥንቱ ያለው ከውጭ ነው። መሣሪያው በቀላሉ ካለፈ «ጨጓራዎ ትንሽ ተቆጥቷል» ይባላል፤ ያ አንድ ዓረፍተ ነገር የተሳሳተውን ፍርድ ያጸናዋል። አጥንቱ ጉሮሮውን ገፍቶት ከሆነ ደግሞ መሣሪያው ግድግዳውን ሊያቆስል ስለሚችል፣ ሐኪሙ አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት።

«በአዛውንት አንገት ላይ ትርፍ አጥንት ብርቅ አይደለም፤ አብዛኛው ምንም አያደርግም» የሚል መቃወሚያ አለ። እውነት ነው። ራጅ ላይ ስለታየ ብቻ ጥፋተኛ አይባልም፤ በተለይ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በሚታወቅባቸው እንደ አርሲና ባሌ ባሉ አካባቢዎች መጀመሪያ ካንሰሩን ማጣራት ግድ ነው። ግን ይህ መቃወሚያ ለምርመራ ይሟገታል እንጂ ለኦሜፕራዞል አይደለም። አንገትን በጎን የሚያሳይ ራጅ ውድ አይደለም፤ ባሪየም ጠጥቶ መነሳት ደግሞ ምግቡ የት ላይ እንደሚያዝ ያሳያል።

ከተገኘ በኋላ ሁሉም ለቀዶ ሕክምና አይቀርብም። ብዙዎቹ ምግብ በማለስለስ፣ አዋዋጥን በመለማመድና ኩላሊታቸው ታይቶ በሚሰጥ የብግነት ማስታገሻ ይረዳሉ። የሚከሱትና ትንፋሽ የሚያጥራቸው በአንገት ፊት በኩል ተከፍቶ አጥንቱ ይቀረፍላቸዋል፤ ከዓመታት በኋላ ሊመለስ ቢችልም ብዙዎች እንደገና ይበላሉ። ሃሪስ ሞሸር የተባለ አሜሪካዊ የጉሮሮ ሐኪም ይህ አጥንት መዋጥን እንደሚያስቸግር የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። ዛሬ ለአንድ አዛውንት ለሦስተኛ ጊዜ የጨጓራ ክኒን የሚያዝ ባለሙያ እጁን አንገታቸው ላይ ያሳርፍ፣ ምን እንደሚውጡና ምን እንደማይወርድላቸው ይጠይቃቸው፣ ራጁንም ይዘዝላቸው።