ስለ መንግሥት የሚጠናው ለማን ነው?

የጋይንት፣ የስማዳ ወይም የእስቴ ገበሬ የመንግሥት ደጅ ሲጠና ጉዳዩ ብዙ ጊዜ መሬት ነው። የመሬት ታሪክ ለእሱ የመንግሥት ታሪክ ነው። ይህን ታሪክ በቋንቋው የሚያነብበት መጽሐፍ ማነሱ ግን ማንንም ሲያሳስብ አይታይም።

የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ፕሮፌሰር የነበሩት ዶናልድ ክራሚ በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የሰፈሩትን የጉልት ስጦታ፣ የመሬት ሽያጭና የክርክር ማስታወሻዎች ለዓመታት መርምረው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ትልቅ መጽሐፍ አሳትመዋል። ርስት የአራሹ የዘር መብት ነበር። ጉልት ደግሞ ግብር የመሰብሰብ፣ በብዙ ስፍራም የመዳኘት ሥልጣን ነበር። መንግሥትና ገበሬ የሚገናኙት በዚህ በኩል ነው። ማስታወሻዎቹን የአገሩ ጸሐፊዎች በግዕዝና በአማርኛ ጻፏቸው፤ ጥናቱ የወጣው በእንግሊዝኛ ነው።

ነገሩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ አይደለም። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የየካቲት 1967 አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ፤ በ1989 ደግሞ በአማራ ክልል የመሬት ድልድል ተካሄደ። ገበሬው ሦስቱንም የሰማው ካለቁ በኋላ ነው። ከየት እንደመጡ፣ ከድሮው ሥርዓት ምን እንደወረሱ የሚያስረዳ ጽሑፍ አልደረሰውም። መነሻውን የማያውቅ ሰው ውሳኔን ወይ ይፈራዋል ወይ ያማዋል፤ ሊሞግተው ግን አይችልም።

እርግጥ ነው፣ ምሁሩ በእንግሊዝኛ የሚጽፈው ከዓለም አቻዎቹ ጋር ለመነጋገር ነው። ይህ ተገቢ ነው። አማርኛ ለዚህ ሥራ አይበቃም የሚለው ሰበብ ግን አያስኬድም። የገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው በ1916 ነው። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴም በእንግሊዝኛ ያሳተሙትን ሥራ «የኢትዮጵያ ታሪክ ከ1847 እስከ 1983» ብለው ለአማርኛ አንባቢ አቅርበዋል።

የደብረ ታቦር፣ የጎንደርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች በትንሹ መጀመር ይችላሉ። ስለ መሬትና አስተዳደር የሚሠራ እያንዳንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ ዐሥር ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ ይኑረው፤ ቅጂውም ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወደ ወገዳና ወደ መካነ ኢየሱስ ትምህርት ቤቶች ይላክ። ተመራማሪው መጠይቁን ይዞ ሲመጣ ሽማግሌዎች ሥራ ፈትተው ያስረዱታል። ከቃላቸው ምን እንደተጻፈ ማወቅ መብታቸው ነው።